የበር ዙሪያ የእንጨት ክፈፍ፦ ማዕዘኑ አልገጥም ሲል

አዲሷ አናጺ

ሰላም ለሁላችሁ። የመኝታ ክፍሌ በር ተገጥሟል። መቃኑ ቆሟል፤ በሩም ሳይነካ ይዘጋል፣ ይከፈታል። የቀረው በመቃኑና በግድግዳው መካከል ያለውን ክፍተት የሚሸፍነው የእንጨት ክፈፍ ነው። እሱን ራሴ ልሠራው ወስኛለሁ። እንጨቱ 7 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 16 ሚሊ ውፍረት አለው። ፊቱ ላይ ቀለል ያለ ቅርጽ ወጥቶለታል።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛው፣ ሁለት ቁራጭ በ45 ዲግሪ ቆርጬ ጠረጴዛ ላይ ሳጋጥማቸው ልክ ይመጣሉ። በሩ ላይ ሳስጠጋቸው ግን ሰያፉ ከፊት በኩል ይከፈታል። ከመጋዙ ነው ወይስ ከሌላ ነገር? ሁለተኛው፣ ቀለሙን ከመግጠሜ በፊት ልቀባ ወይስ ከገጠምኩ በኋላ? ግድግዳው የተለሰነ ብሎኬት ነው። ክፈፉን ነጭ ነው የማደርገው።

መላጊያ

እህቴ፣ መጋዙን ተዪው። ጠረጴዛ ላይ ከገጠመ መጋዙ ሥራውን ጨርሷል። ችግሩ ያለው በሩ ላይ ነው። ጠረጴዛ አንድ ወጥ ነው፤ መቃንና ግድግዳ ግን እኩል ሆነው የሚገኙት ከስንት አንዴ ነው። ብዙ ዓመት በዚህ ሥራ ቆይቻለሁ፤ ክፈፍ ሲበላሽ የማየው አብዛኛውን ጊዜ ቆራጩ ቸኩሎ፣ መቃኑን ሳያይ መጋዝ ሲያነሳ ነው።

ከመቁረጥሽ በፊት ቀጥ ያለ ጣውላ ወይም ረዘም ያለ ውሃ ልክ ያዢ። ክፈፉ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ግማሹን መቃኑ ላይ፣ ግማሹን ግድግዳው ላይ አስደግፊው። ከላይ ሁለቱንም ጥግ፣ መሃሉን፣ ታቹን ፈትሺ።

ልስኑ ከመቃኑ ወጣ ያለ ከሆነ የክፈፉ የውጭ ጠርዝ ወደ ፊት ይገፋል። የውስጥ ጠርዙ መቃኑ ላይ ስለማያርፍ ከሥሩ ክፍተት ይታያል። መቃኑ ወጣ ያለ ከሆነ ደግሞ ክፈፉ ወደ ግድግዳው ያዘነብላል። ያኔ ሁለቱ ሰያፍ ጫፎች ከኋላ ቀድመው ይነካካሉ፣ ከፊት ይከፈታሉ። አንቺ የገለጽሽው ይሄኛውን ነው የሚመስለው።

ልስኑ ከሆነ የወጣው፣ የክፈፉን የውጭ መስመር በእርሳስ አስምሪና ከመስመሩ ወደ ውስጥ ያለውን ልስን በመሮ ወይም በመፋቂያ ቀንሺው። ክፈፉ ስለሚሸፍነው ማማር አይጠበቅበትም። መስመሩን ግን አትለፊ። መቃኑ ከሆነ የወጣው፣ ጠርዙን በመላጊያ ወደ ልስኑ ልክ አውርጂው። አንድ ሚሊ ገደማ ብቻ ከሆነ መቃኑን ሳትነኪ የሰያፉን የኋላ ክፍል ትንሽ መላግ ይበቃል። ፊቱ ላይ ያለው መስመር እንዳይነካ ብቻ ተጠንቀቂ። ከኋላ ሲለቅለት ከፊት ይዘጋል።

በመጋዙም ማድረግ ትችያለሽ። እንጨቱን መጋዙ ላይ ስታስተኚው፣ በመቃኑ በኩል የሚሆነውን ጠርዝ ከሥሩ በወፍራም ወረቀት ትንሽ ከፍ አድርጊው። እንጨቱ ግድግዳው ላይ እንደሚያዘነብለው አዘንብሎ ይቆረጣል።

ውሃ ልክ

መላጊያ ያለው ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ሌላው ዓይነት ክፍተት ነው። ሰያፉ በውስጥ ጥጉ ገጥሞ በውጭ ጥጉ ከተከፈተ፣ ወይም በተገላቢጦሽ ከሆነ፣ ያ የማዕዘን ጉዳይ ነው። መቃኑና ጉበኑ (የላይኛው አግዳሚ) የሚገናኙበት ጥግ 90 ዲግሪ ላይሆን ይችላል። ስኳድራ (የ90 ዲግሪ መፈተሻ) አስገብተሽ እዪው።

91 ዲግሪ ከሆነ የእያንዳንዱ ቁራጭ ሹል ጫፍ 45.5 መሆን አለበት። የሰያፍ መጋዝ መለኪያ ግን ከቀጥታ ቁርጥ ጀምሮ ስለሚቆጥር መጋዙን የምታደርጊው 44.5 ላይ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይገለብጠዋል። ስለዚህ እኔ ቁጥሩን ትቼ በእርሳስ ነው የምሠራው።

መጀመሪያ ከመቃኑ የውስጥ ጠርዝ 5 ሚሊ ወደ ግድግዳው በኩል ገብተሽ መቃኑ ፊት ላይ ዙሪያውን ምልክት አድርጊ። የክፈፉ የውስጥ ጠርዝ እዚያ መስመር ላይ ነው የሚያርፈው። ከመቃኑ ጠርዝ ጋር እኩል አታድርጊው። ሁለት እንጨት እኩል ተደርጎ ሲገጠም ትንሿ መዛነፍ ሁሉ ትታያለች፤ እንጨቱ ሲያብጥና ሲሸሽም (ሲደርቅ ሲጠብም) አብሮ አይቆይም። ያቺ የ5 ሚሊ ደረጃ ሁሉንም ትደብቃለች፤ የማጠፊያውም ጉልበት ቦታ ያገኛል።

ከዚያ ያልተቆረጠ ክፈፍ ወስደሽ በቁም ምልክቱ ላይ አስደግፊው፣ የውጭ ጠርዙን ተከትለሽ ግድግዳው ላይ ከጥጉ አልፎ እንዲሄድ በስሱ አስምሪ። ያንኑ እንጨት በአግድም ምልክቱ ላይ አድርጊና የላይኛውን ጠርዝ አስምሪ። ሁለቱ የውስጥ መስመሮች አንድ ቦታ ይገናኛሉ፣ ሁለቱ የውጭ መስመሮችም ሌላ ቦታ። እነዚህን ሁለት ነጥቦች የሚያገናኘው መስመር ትክክለኛው ሰያፍ ነው። ጥጉ 88 ይሁን 92 ለውጥ የለውም። እንጨቱን እንደገና አስደግፊና ሁለቱን ነጥቦች እሱ ላይ አስተላልፊ፣ መጋዙን ከዚያ መስመር ጋር አስተካክይ። ለግራና ለቀኝ ጥግ ለየብቻ ማድረግ እንዳትረሺ። የግራው ልክ ስለሆነ የቀኙ ልክ ነው ማለት አይደለም።

አዲሷ አናጺ

ሁለታችሁንም በጣም አመሰግናለሁ። ፈተሽኩት። ከላይ በግራ በኩል መቃኑ 2 ሚሊ ያህል ወጣ ብሏል። በቀኝ በኩል ከላይ ልስኑ ነው ትንሽ የሚያብጠው። የቀረው እኩል ነው።

ጋሽ መላጊያ፣ መቃኑን ስልግ ምን ልጠንቀቅ? ደግሞስ ብሎኬት ላይ ሚስማር እንዴት ይይዝልኛል? በየት በኩል ብመታው ልስኑ እየፈረሰ ይወድቅ ይሆናል ብዬ ፈራሁ።

መላጊያ

2 ሚሊ ከሆነ መላግ ነው እንጂ ሌላ ማታለያ አያስፈልገውም። መጀመሪያ መቃኑ ጠርዝ ላይ ሚስማር ካለ በሚስማር መምቻ፣ ብሎን ካለ በካቻቪቴ ወደ ውስጥ አስገቢው። የመላጊያ ምላጭ ብረት ከነካ ያን ቀን ሥራ የለም። ከጥጉ ርቀሽ ጀምሪና ከፍታው እየጨመረ ወደሚሄድበት ቀስ እያልሽ ላጊ። ጥጉ ጋ መላጊያው ስለማይደርስ የመጨረሻዋን በስለታም መሮ ጨርሻት። በየጊዜው ጣውላውን እያስደገፍሽ እዪ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ መቃኑ አሮጌ ቀለም አለው? በድሮ ዘመን የተቀባ ከሆነ ቀለሙ እርሳስ የተባለውን ብረት ሊይዝ ይችላል፤ አቧራው በተለይ ለሕፃናት መርዝ ነው። እንዲህ ከሆነ በደረቁ አትፈግፍጊው።

አሁን ወደ አያያዙ። ክፈፍ በሁለት ረድፍ ነው የሚያዘው። የውስጥ ጠርዙ መቃኑ ላይ ያርፋል፤ መቃኑ እንጨት ስለሆነ እዚያ ሚስማር ይይዛል። ከ30 እስከ 40 ሚሊ ርዝመት ያለው ቀጭን ሚስማር በየ40 ሳንቲው ይበቃል። ከጫፉ 5 ሳንቲ ግቢ። ጫፍ አካባቢ ከሚስማሩ ትንሽ በቀጠነ መብሻ አስቀድመሽ ብሺ። መብሻ ከሌለ የሚስማሩን ሹል ጫፍ በመዶሻ ትንሽ አደንዝዢው። ሹል ጫፍ እንጨቱን እየሰነጠቀ ይገባል፤ የደነዘዘው ግን ጅማቱን እየጨፈለቀ ስለሚገባ እንጨቱ አይተረተርም።

የውጭ ጠርዙ ነው ከብሎኬቱ ጋር የሚጋጠመው። እዚያ ሚስማር አትሞክሪ፤ የፈራሽው ነገር ይደርሳል። የግንባታ ማጣበቂያ ተጠቀሚ። ልስኑን ከአቧራ ጥረጊው። ቀለሙ የሚላላጥ ከሆነ እስከ ልስኑ ፍቂው፤ ማጣበቂያው የሚይዘው ቀለሙን ከሆነ ከቀለሙ ጋር ነው የሚወርደው። ከጠርዙ ገባ አድርገሽ፣ ተጭኖ እንዳይወጣ፣ በቀጭን መስመር አድርጊ። ከዚያ የውስጡን ሚስማር ምቺና የውጩን ጠርዝ እስኪደርቅ በወረቀት ፕላስተር ወጥረሽ ያዢው። ሙሉ በሙሉ እስኪይዝ አንድ ቀን ገደማ ተዪው፤ በሩንም በኃይል አትዝጊው።

ግድግዳው በጣም ወጣ ገባ ከሆነ ወይም ክፈፉ የተጣመመ ከሆነ ማጣበቂያ ብቻውን አይችለውም። ያኔ ግድግዳውን በድሪል በስተሽ ባለ 6 ሚሊ ፊሸር (ብሎን የሚይዝ የፕላስቲክ መሰኪያ) አስገቢና በብሎን ያዢ። የብሎኑ ጭንቅላት እንጨቱ ውስጥ እንዲሰምጥ አድርጊና ቀዳዳውን በስቱኮ ድፈኚ።

ሦስት ጣውላ

እኔ የተለየ ሐሳብ አለኝ። ለጀማሪ ሰያፍ ለምን? አግዳሚውን በሁለቱ ቋሚዎች ራስ ላይ ማስቀመጥ ነው። ሁሉም ቁርጥ ቀጥታ ነው። አግዳሚው ከቋሚዎቹ 3 ሚሊ ያህል ወፈር ቢል፣ በሁለቱም በኩል አንድ ሳንቲ ያህል ቢወጣ፣ መጋጠሚያው ላይ የሚያርፈው ጥላ ትንንሽ ክፍተትን ይሸፍናል። እንጨቱ ሲሸሽም ሰያፍ እንደሚከፈተው አይከፈትም። እኔ ቤቴን በሙሉ እንዲህ ነው የሠራሁት፤ በጣም እወደዋለሁ።

መላጊያ

ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ፊቱ ሜዳ ለሆነ ክፈፍ እኔም እሱን ነው የምመርጠው። የእህታችን እንጨት ግን ቅርጽ አለው። ቅርጽ ያለው ክፈፍ ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ ቅርጹ አግዳሚው ሥር ገብቶ ይቋረጣል፣ ዓይን ያስከፋል። ቅርጹ ጥጉን ዞሮ እንዲሄድ ሰያፍ ግድ ነው።

ስለ መሸሽ ያነሳኸው ግን ዋና ነገር ነው። እንጨት ርዝመቱ ብዙም አይለወጥም፤ ስፋቱ ነው የሚለዋወጠው። ክፈፉ ሲደርቅ ስፋቱ ይቀንሳል፣ የሰያፉ ማዕዘን ይጠብባል፣ መጋጠሚያው ከውስጥ ጥጉ ይከፈታል። እርጥበት ጠጥቶ ሲያብጥ ደግሞ ከውጭ ጥጉ ይከፈታል። ስለዚህ ከወራት በኋላ የተከፈተ ሰያፍ ስታዩ፣ የትኛው ጥግ እንደተከፈተ ካያችሁ እንጨቱ ሲገጠም እርጥብ ነበር ወይስ በጣም ደረቅ የሚለውን ታውቃላችሁ።

መከላከያው ቀላል ነው። እንጨቱን በሚገጠምበት ክፍል ውስጥ፣ በመካከላቸው ስስ እንጨት እያደረግሽ አየር እንዲያገኝ ደርድሪው። ቢያንስ አንድ ሳምንት ይቀመጥ። የክፍሉን አየር ይልመድ። ልስኑ ገና አዲስ ከሆነ ደግሞ ልስኑ ሳይደርቅ እንጨቱን ወደ ክፍሉ አታስገቢው፤ የልስኑን ውሃ ይጠጣል።

ሰያፉን በኮላ አጣብቂ። የተቆረጠው ጫፍ ኮላውን ስለሚመጠው መጀመሪያ ስስ አድርገሽ ቀቢ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይተሽ ድገሚውና አጋጥሚ። አንድ ጊዜ ብቻ ከቀባሽ መጋጠሚያው ላይ የሚቀር ኮላ አይኖርም።

አሠራሩ ላይ፣ እኔ አግዳሚውን ነው የማስቀድመው። ሁለቱንም ጫፉን በሰያፍ ቆርጬ በጥቂት ሚስማር፣ ጭንቅላቱን ሳላሰምጥ፣ እይዘዋለሁ። ከዚያ ለቋሚው ሰያፉን ቆርጬ እንጨቱን ገልብጬ ሹሉን ጫፍ ወለሉ ላይ አቆመዋለሁ። የአግዳሚው ሹል ጫፍ የደረሰበት ላይ ምልክት አድርጌ እዚያ ላይ ቀጥ አድርጌ እቆርጠዋለሁ። ሜትር ሳትነኪ ልኩ ይመጣል። ወለሉ የተዛነፈ ቢሆንም እንኳን እያንዳንዱ ቋሚ የራሱን ወለል ለካ ማለት ነው።

ብሩሽ

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልግባ፤ ማንም አልነካውም።

ሁለቱንም ነው። ፕራይመሩን (ከቀለም በፊት የሚቀባውን መነሻ) እና የመጀመሪያውን ቀለም ከመግጠምሽ በፊት፣ የመጨረሻውን ከገጠምሽ በኋላ። ከሁሉም በላይ የክፈፉን ጀርባ ፕራይመር ቀቢ። ማንም ስለማያየው ሁሉም ይዘለዋል። ፊቱ ታሽጎ ጀርባው ክፍት ከሆነ እንጨቱ እርጥበት የሚያስገባውና የሚያስወጣው በአንድ በኩል ብቻ ይሆናል። ከዚያ ይጎብጣል። ልስን ላይ ለሚያርፍ እንጨት ይሄ ዋና ሥራ ነው። ማጣበቂያ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ፕራይመሩ በደንብ ደርቆ መያዙን ብቻ አረጋግጪ።

ከመቀባትሽ በፊት ጉጦቹን እዪ። የጥድ ዓይነት ለስላሳ እንጨት ከሆነ ጉጡ ሙጫ አለው፤ ሙጫው ነጭ ቀለምን አልፎ ቢጫ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ምንም ያህል ቀለም ብትደርቢ አያቆመውም። ጉጡን ለብቻው ሼላክ የተባለ ሙጫ ባለው ማሸጊያ ሁለቴ ቀቢው። በኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ በተሠራ ጣውላ) ለሚሠሩ ደግሞ ጉጥ የለም፤ ግን የተቆረጠው ጠርዝ ቀለም ይጠጣል፣ ይሻክራል። ጠርዙን ለብቻ ቀብተው፣ ሲደርቅ ፈግፍገው ይድገሙት። አቧራው በጣም ደቃቅ ስለሆነ አፍንጫ ሳይሸፈን ኤምዲኤፍ አይቆረጥም።

ብርጭቆ ወረቀቱን ከ120 ጀምረሽ፣ ወደ 180፣ ከዚያ 220 ሂጂ። ሁልጊዜ የእንጨቱን ጅማት ተከትለሽ። በአግድም የተፈገፈገ መስመር ቀለም ሲያርፍበት ጎልቶ ይወጣል። ከገጠምሽ በኋላ የሚስማሩን ጭንቅላት 2 ሚሊ ያህል አስምጪው። በስቱኮ ሙዪው፤ ስቱኮ ሲደርቅ ስለሚሰምጥ ትንሽ ከፍ አድርገሽ ሙዪና ሲደርቅ አስተካክይው።

በክፈፉና በግድግዳው መካከል የቀረውን ስስ ክፍተት ቀለም በሚይዝ አክሪሊክ ማሸጊያ ድፈኚው። አደራሽን ሲሊኮን አታድርጊ። ተራ ሲሊኮን ላይ ቀለም አይይዝም፤ አንዴ ከገባ ማስወጣቱም መከራ ነው። የጠበበ መስመር አውጪና በእርጥብ ጣት አንዴ ብቻ ጎትቺው። ደጋግመሽ ስትነካኪው ነው የሚበላሸው።

ከዚያ በ220 በስሱ ፈግፍጊ፣ በእርጥብ ጨርቅ አቧራውን አንሺና የመጨረሻውን ቀቢ። ነጭ ስለሆነ በውሃ የሚሠራውን እመክርሻለሁ። የዘይት ነጭ ቀለም ብርሃን በማይደርስበት ክፍል ውስጥ ከጊዜ በኋላ ወደ ቢጫ ይሄዳል።

መላጊያ

ብሩሽ፣ በአብዛኛው እስማማለሁ። አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም። የመጀመሪያውን ቀለም ፊቱ ላይ ቀብታ ከገጠመች፣ ሰያፉ ላይ የግማሽ ሚሊ ደረጃ ቢኖር ያንን ለማስተካከል ስትልግ ወይም ስትፈገፍግ ቀለሙን ታነሳዋለች። እኔ ጀርባውን ፕራይመር፣ ፊቱን ፕራይመር ብቻ አድርጌ እገጥማለሁ። ቀለሙን በሙሉ ከገጠምኩ በኋላ።

ብሩሽ

ጥጉ ላይ ላልከው ልክ ነህ፤ እዚያ መነካቱ አይቀርም። እኔ ግን የማስበው ስለ ቀረው ርዝመት ነው። ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ የተቀባ እንጨት የብሩሽ መንገድ አይታይበትም፣ ቀለሙም አይወርድም። ጀማሪ ሰው ቁም ላይ ያለ ቅርጽ ሲቀባ ቀለሙ ፈሩ ውስጥ እየተጠራቀመ ይንጠባጠባል። ጥጉን 10 ሳንቲ ያህል ፕራይመር ብቻ አድርጋ ብትተወው ሁለታችንም ያልነው ይሆናል።

መላጊያ

ይሄ ያስማማኛል። እንዲያውም እኔም ልሞክረው ነው።

ቀዩ ጣውላ

ይቅርታ፣ ውይይቱ ውስጥ ልግባ። የኔ ክፈፍ ጠንካራ እንጨት ነው፣ መልኩ ስለሚያምር ቀለም አላለብሰውም። የቫርኒሽ ሥራስ በዚሁ ቅደም ተከተል ነው?

ብሩሽ

አይደለም፣ ሁለት ነገር ይለያል። ኮላው ሰያፉ ላይ ሲወጣ ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ አንሳው፣ ቀጥሎም በንጹሕ ጨርቅ ድገመው። ኮላ የነካው ቦታ ቫርኒሹን ስለማይጠጣ ነጣ ያለ እድፍ ሆኖ ይቀራል። በቀለም ሥራ አይታይም፤ በቫርኒሽ ግን ሁልጊዜ እያየኸው ትኖራለህ። ሁለተኛ፣ የሚስማር ቀዳዳውን ከመጀመሪያው ቫርኒሽ በኋላ ሙላ እንጂ በፊት አይደለም። ቫርኒሽ ሲነካው እንጨቱ መልኩ ይጠቁራል። ያኔ ነው መሙያውን ከእውነተኛው መልክ ጋር ማመሳሰል የምትችለው።

በተልባ ዘይት የምትሠራ ከሆነ ደግሞ እባክህ ይህንን ስማኝ። ዘይቱ ያለበትን ጨርቅ ጨብጠህ ጥግ ላይ አትጣለው። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ ጨርቁ የተከማቸ ከሆነ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ክብሪት ሳይነካው ራሱ ይቀጣጠላል። ዘርግተህ ከቤት ውጭ አድርቀው፣ ወይም ውሃ ውስጥ ንከረው።

አዲሷ አናጺ

መቃኑን ላግኩት፣ ልስኑንም ቀነስኩ። አሁን ቁራጮቹ ከፊት በኩል ይገጥማሉ። በውሃ ልክ መንገድ ሳሰምረው የቀኙ ጥግ 90 እንዳልሆነ አየሁ፤ ግራው ደህና ነው። የቀረችኝ አንዲት ጥያቄ ናት። ወለሉ በውሃ ነው የሚታጠበው። የቋሚው ታች ወለሉን ይንካ ወይስ ከፍ ይበል?

መላጊያ

ከፍ ይበል። ከ2 እስከ 3 ሚሊ ይበቃል። የእንጨት ጫፍ ውሃን ወደ ላይ ይስባል፤ ወለሉን ከነካ ታቹ አብጦ ቀለሙ ይነሳል። ስትለኪውም ስታቆሚውም ከሥሩ ቁራጭ ካርቶን አድርጊ፣ ሚስማሩን ከመታሽ በኋላ ካርቶኑን ሳቢው። የታችኛውን ጫፍ ግን ከማቆምሽ በፊት ፕራይመር ሁለቴ፣ ቀለም ሁለቴ ቀቢው፤ ከቆመ በኋላ ብሩሽ አይደርስበትም። ዞኮሎው (ከግድግዳው ሥር ወለሉን ተከትሎ የሚገጠመው) ገና ካልተገጠመ ክፈፉን አስቀድሚ፣ ዞኮሎው መጥቶ እሱ ላይ ይቁም።

ውሃ ልክ

ያቺን ክፍተት በአክሪሊክ አትድፈኛት፤ እዚህ ጋ ብቻ ነው ሲሊኮን የሚፈቀደው፣ ቀለም አያርፍባትምና። ስስ አድርጊው። የቀኙን ጥግ ደግሞ መጀመሪያ በቁራጭ እንጨት ቆርጠሽ ሞክሪው፤ ዋናውን እንጨት ከዚያ በኋላ ቁረጪ።